ዓለም ያላለቀባት ዓርብ

ታኅሣሥ 12 ቀን 2005 ዓ.ም. ዓርብ ነበር፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 21 ቀን 2012። ብዙዎቻችሁ ቀኑን ረስታችሁት ይሆናል። የማውቃት አንዲት እህት ግን እስከ ዛሬ አልረሳችውም። «ዓለም ሊያልቅ ነው» ብላ ኮንትራቷን አፍርሳ አገሯ የገባችው ለዚያ ቀን ነበርና።

ያኔ በሰው ቤት ስትሠራ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆኗት ነበር። የማዳሟ ልጆች «2012» የተባለውን ፊልም ደጋግመው ያያሉ። ከተማ ሲሰነጠቅ፣ ባሕር ተራራ ሲውጥ እሷ ከኩሽና ሆና ትሰማለች። ሌላ ቤት የምትሠራ ጓደኛዋ ደግሞ «ማያ የሚባሉ የጥንት ሰዎች ቀኑን ድንጋይ ላይ ጽፈው ትተውታል» ብላ በስልክ ነገረቻት። የዕረፍት ቀን የላትም፤ ወጥታ የምትጠይቀው ሰውም የለም። ሌሊት ሌሊት ብቻዋን ስታስብ ከርማ «መሞቴ ካልቀረ ከእናቴ ጋር ልሙት» አለች። አምስት ወር ሲቀራት ሥራውን ተወች። ኮንትራቱን ያፈረሰችው እሷ ስለሆነች ቲኬቱን በራሷ ገንዘብ ገዛች። ለቤት ማሠሪያ ካጠራቀመችው ብዙው በዚሁ አለቀ። ከዚያ ቅዳሜ ነጋ። እናቷ እንደ ወትሮው ቡና አፈሉ። በዓመቱ ለደላላ ተበድራ እንደገና ተሰደደች።

ይህን የማነሳው ልስቅባት አይደለም። የፈራችው እውነት ፈርታ ነው። ያስፈራት ነገር ግን ማያዎች ያላሉት ነገር ነበር።

ማያዎች በዛሬዎቹ ሜክሲኮ፣ ጓቲማላ፣ ቤሊዝና ሆንዱራስ ትልልቅ ከተሞች የሠሩ፣ የሰማይ ከዋክብትን በጥንቃቄ የተከታተሉ ሕዝቦች ናቸው። ከዘመን መቁጠሪያዎቻቸው አንዱ ለኛ እንግዳ አይደለም። እኛ 30 ቀን ያላቸው 12 ወሮች ቆጥረን ጳጉሜን እንጨምራለን፤ እነሱ 20 ቀን ያላቸው 18 ወሮች ቆጥረው 5 ቀን ይጨምራሉ። ሁለቱም 365 ይሆናል። እነሱ ግን አምስቱን ቀን ክፉ ቀን ነው ብለው ይፈሩት ነበር፤ እኛ በጳጉሜን ለሩፋኤል ልጆቻችንን ዝናብ እናስመታቸዋለን።

ከዚህ ሌላ ረጅም ቆጠራ ነበራቸው። በሱ 144,000 ቀን አንድ ባክቱን ይባላል። 13 ባክቱን ሲሞላ 1,872,000 ቀን፣ ማለትም ከ5,100 ዓመት በላይ ይሆናል። ያ ዓርብ 13ኛው ባክቱን የሞላበት ቀን ነበር፤ ሌላ ነገር የለውም። ግድግዳ ላይ የሰቀልነው ካላንደር ጳጉሜን ላይ ሲያልቅ አዲስ እንገዛለን እንጂ መስከረም አይጠባም አንልም። ማያዎችም እንዲሁ ነበሩ። ፓሌንኬ በምትባለው ጥንታዊ ከተማቸው የተገኘ ጽሑፍ በፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 4772 ድረስ ያለ ቀን ይጠቅሳል። ዓለም በ2012 ታልቃለች ብሎ የሚያምን ሰው ከዚያ በኋላ ስላለ ቀን ለምን ይጽፋል?

ደግሞም ማያዎች አልጠፉም። ዛሬም በሚሊዮን የሚቆጠሩ አሉ። በ1992 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተሸለመችው ሪጎቤርታ ሜንቹ ማያ ናት፤ በወጣትነቷ በጓቲማላ ከተማ በሰው ቤት ሠራተኛ እንደነበረች ራሷ ተናግራለች። እንደኛው ማለት ነው። በዚያ ዓመት የጓቲማላ ማያዎች «በስማችን አትነግዱ» ብለው ሲቃወሙ የሰማቸው ጥቂት ነው። ፊልሙ ተሸጠ፣ መጽሐፉ ተሸጠ፣ ሆቴሉ ሞላ። ቀኑን ለማክበር ቲካል ወደምትባለው ጥንታዊ ከተማ ከጎረፉት ጎብኚዎች አንዳንዶቹ ቤተ መቅደስ ላይ ወጥተው ጉዳት አደረሱ። ዓለም ምንም አልሆነችም፤ የተጎዳው የማያዎቹ ቅርስ ነው።

የፈረንጅ ሞኝነት ነው ብለን ግን አንለፈው። እኛም ዘመኑ ሲከፋብን «ስምንተኛው ሺህ» እንላለን። በባሕረ ሐሳብ ስሌት ከክርስቶስ ልደት በፊት 5,500 ዓመት አለ፤ ስለዚህ 1500 ዓ.ም. ላይ ሰባት ሺህ ሞላ። ስምንተኛው ሺህ ከገባ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። በነዚህ ሁሉ ዓመታት አያቶቻችን አርሰዋል፣ ድረዋል፣ ወልደዋል።

አሜሪካ ውስጥም ዊልያም ሚለር የተባለ ሰባኪ ክርስቶስ ይመጣል ብሎ ስላስተማረ ተከታዮቹ ኦክቶበር 22 ቀን 1844ን ሲጠብቁ፣ ሰብላቸውን ሳያጭዱ የተዉ ገበሬዎች ነበሩ። በ2011 ደግሞ ሃሮልድ ካምፒንግ የተባለ የሬዲዮ ሰባኪ ሜይ 21 የፍርድ ቀን ነው አለ። ሥራ የለቀቁ፣ ቁጠባቸውን የጨረሱ ነበሩ። ቀኑ ሲያልፍ ወደ ኦክቶበር ተዛወረ፤ የወጣው ገንዘብ ግን አልተመለሰም።

ዛሬ ወሬው በዋትሳፕና በቲክቶክ ይመጣል። «ለአሥር ሰው ላኪ» ይላል፤ ባስ ሲልም «ለጸሎት» ብሎ የገንዘብ መላኪያ ቁጥር ያስከትላል። ክርስቲያንም ሆንሽ ሙስሊም፣ ያን ቀን የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ እንደሆነ ሃይማኖትሽ አስተምሮሻል። ቀን ቆርጦ የሚነግርሽ ሰው ከሃይማኖትሽ በላይ አውቃለሁ እያለሽ ነው። ወደ ገንዘብሽ ወይም ወደ ኮንትራትሽ የሚመራ ትንቢት ከሆነ ደግሞ ስልኩን አስቀምጪና የምታምኛትን ታላቅ እህት ጠይቂ። እስክታገኛት ድረስ አትወስኚ።

ያቺን እህት አንድ ቀን «አሁን ብታስቢው ያን ጊዜ ያስፈራሽ ምን ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። ትንሽ ዝም አለችና «እናቴን ሳላያት እንዳልሞት ነው» አለችኝ። ማያዎቹ ሰበብ ነበሩ ማለት ነው። ለእናቷ ድምፅ በሳምንት አንዴ እንኳ የምትደውልበት ነፃ ሰዓት ቢኖራት፣ ያ ፊልም ያን ያህል ያስፈራት ነበር ብዬ አላምንም።

ስለዚህ ለአሠሪዎችም አንድ ቃል አለኝ፤ የዕረፍት ቀንና ስልክ ለሠራተኛ የሚደረግ ቸርነት አይደለም። ብቻዋን የተዘጋባት ሰው የሰማችውን ሁሉ ታምናለች።

ለእናንተ ደግሞ፣ እህቶቼ፦ ናፍቆት ሲይዛችሁ ናፍቆት ነው በሉት። ለናፍቆት መፍትሔ አለው፤ ይደወላል፣ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ኮንትራት ሲያልቅ የሠሩበትን ተቀብሎ ይገባል። የሚቆጠር ቀን ካስፈለገ የኮንትራታችሁን ቀን ቁጠሩ። እሱ ማለቁ አይቀርም፤ በማግስቱም እናት ቡና አፍልታ ትጠብቃለች።