የጣና አሰሳ አልተቋጨም

አሳሽ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን የዋልታን በረዶ ሰንጥቆ የሚጓዝ መርከበኛ ነው። ጣናም የራሱ አሳሽ ነበረው። ሜጀር ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል ሳለ የሐይቁን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ ተዘዋውሮ አጠና፤ እ.ኤ.አ. በ1936 መጽሐፉን አሳተመ።

ታዲያ አሰሳው አበቃን? በእኔ እምነት አላበቃም። ካርታ የአንድ ዘመን ምስል ነው፤ ሐይቁ ግን ይለወጣል። ጉማራና ርብ በየክረምቱ ደለል ያወርዱበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ሞልተው የፎገራን ሜዳ አጥለቅልቀዋል።

ቺዝማን ከሩቅ መጣ። የወረታ ተማሪ ግን በሁለቱ ወንዞች ድልድዮች መካከል ይኖራል። ክብደት የታሰረበት ገመድ ከድልድይ አውርዶ የውኃውን ከፍታ በየቀኑ ቢመዘግብ፣ የዐሥር ዓመት ደብተሩ መንገደኛ አሳሽ ያላየውን ይነግረናል።