የምትከታተላት ሌላ፣ የምታዋልዳት ሌላ

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ የምትኖር ሐበሻ ማርገዟን ስታውቅ ከሐኪም በፊት የምታማክረው ጓደኞቿን ነው። «አንቺን ማን አዋለደሽ? ሴት ናት? ትታገሣለች ወይስ ቶሎ ኦፕራሲዮን ትላለች?» ስም ይነገራታል። ሐኪሟ ኢንሹራንሷን መቀበሏን አጣርታ ቀጠሮ ትይዛለች፤ ወራቱ ሲገፉም ይላመዳሉ። ምጥ በመጣበት ሌሊት ግን ማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ ብቅ የሚለው አይታው የማታውቅ ሰው ሊሆን ይችላል። ግድግዳው ላይ ባለው ነጭ ሰሌዳ ስሙ ተጽፏል፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ተረኛ ሲቀየር እሱም ተጠርጎ ሌላ ስም ይጻፋል።

ብዙዎች ይህን የሐኪሟ ቸልተኝነት አድርገው ይወስዱታል። ነገሩ የአሠራር ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሉዊስ ዋይንስታይን የተባሉ አሜሪካዊ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም፣ ሆስፒታሎች ሥራው ማዋለድ ብቻ የሆነ ተረኛ ሐኪም እንዲቀጥሩ ሐሳብ አቀረቡ። «ሌበሪስት» ይሉታል። ከዚያ ወዲህ በርካታ ሆስፒታሎች ይህን መንገድ ተከትለዋል።

ለምን ቢባል፣ የቀድሞው አሠራር ከውጭ እንደሚታየው ያማረ አልነበረም። ሐኪሙ ቀኑን ሙሉ ክሊኒኩ ውስጥ ይውላል፣ እኩለ ሌሊት ስልክ ሲደወል መኪናውን አስነሥቶ ይበርራል፣ ሲነጋ ደግሞ ያው ክሊኒክ ይጠብቀዋል። ምጡ ከዘገየ ጠዋት የተቀጠሩት ሴቶች ወረፋ ይዘው ይቀመጣሉ። እንዲህ የተወጠረ ሰው «ትንሽ እንጠብቅ» ከሚል «ኦፕራሲዮን ይሻላል» ቢል አይፈረድበትም፤ ዋጋውን የምትከፍለው ግን ወላዷ ናት።

ካሊፎርኒያ የሚገኘው፣ በዚያን ጊዜ ማሪን ጄኔራል ይባል የነበረው ሆስፒታል ይህን በተግባር አሳይቷል። እስከ 2011 ድረስ የግል ኢንሹራንስ ያላቸው ሴቶች እዚያ የሚወልዱት በየግል ሐኪማቸው ነበር። የመንግሥት ኢንሹራንስ ያላቸውን የሚያዋልዱት ደግሞ ሌት ተቀን ከሆስፒታሉ የማይጠፉ አዋላጆችና ተረኛ ሐኪሞች ነበሩ። በዚያ ዓመት ያው አሠራር ለባለ ግል ኢንሹራንሶቹም ተዘረጋ። በ2015 የታተመ ጥናት ውጤቱን ነገረን፤ ከእነሱ መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወልዱ በኦፕራሲዮን የሚገላገሉት ከ31.7 ወደ 25 በመቶ ወረዱ። ቀደም ሲል በኦፕራሲዮን ወልደው ቀጣዩን ልጅ በምጥ የወለዱትም ከ13.3 ወደ 22.4 በመቶ ከፍ አሉ። ገንዘብ ያላቸው በክፍያቸው ያላገኙትን ድሆቹ ቀድመው አግኝተውት ነበር ማለት ነው። እርግጥ ነው ውጤቱ በየቦታው አንድ ዓይነት አልሆነም፤ በኦፕራሲዮን ቁጥር ላይ ለውጥ ያላዩ ጥናቶችም አሉ።

እንግዲህ ያልተኛች የራስ ሐኪም ከመጠበቅ ያረፈ ተረኛ ቢኖር ይሻላል። በዚህ ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም።

የማታውቀው ሰው ያዋልዳታል የሚለው ቅሬታ ግን መሠረት አለው። ከእርግዝና እስከ ወሊድ ያው አዋላጅ ወይም ጥቂት አዋላጆች የሚከታተሏት ሴት የተሻለ እንደምትስተናገድ በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። እንግሊዝ ይህን በ2016 ፖሊሲዋ ውስጥ አስገብታ ስትገፋበት ቆየች፤ በ2022 የባለሙያ እጥረት ስላስቸገራት ለዚህ ያወጣችውን የጊዜ ገደብ አነሣች። ያው ሰው ሌት ተቀን ዝግጁ ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ ውድ ነው።

ለእኛ ለሐበሻ ሴቶች ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። በልጅነቷ የተገረዘች ሴት ይህን ለሐኪሟ ለመናገር ስንት ቀጠሮ ፈጅቶባት ይሆናል። ምጥ ጠፍሮ ይዟት፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ለማታውቀው ወንድ እንደ አዲስ ማስረዳት ሲኖርባት «ተረኛው ጎበዝ ነው» የሚለው ማጽናኛ አይሠራም። አንዳንዷ በፊተኛው ወሊድ ብዙ ደም ፈስሷት ነበር፤ ይህን የምታውቀው ሐኪም በዚያች ሰዓት ቤቷ ተኝታለች።

ስለዚህ ጥፋቱ ያለው ተረኛ በመኖሩ ላይ አይደለም፤ ተረኛ እንደሚመጣ ለሴቲቱ ሳይነገራት በመቆየቱ ነው። ሲፈረም ከማይነበበው የወረቀት ክምር መሃል አንድ መስመር መሸጎጥ ነገርኳት አያሰኝም። ቢያንስ ከሰባተኛው ወር በፊት በአፍ፣ በሚገባት ቋንቋ ሊነገራት፣ ተረኞቹንም ቀድማ የምታይበት ቀን ሊዘጋጅላት ይገባል።

ሕጉ የሰጣትን መብት ማወቅም አይከፋም። ከ1986 ጀምሮ የድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል ምጥ የያዛትን ሴት ገንዘብ የለሽም ብሎ መመለስ አይችልም። ሆስፒታሉ ኢንሹራንሷን የሚቀበል ከሆነ፣ ተረኛው ሐኪም ከኢንሹራንሷ መረብ ውጭ ነው ተብሎ ያልተጠበቀ ሂሳብ እንዳይመጣባት ከጥር 2022 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አለ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ደግሞ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ ባሏ ወይም ትልቋ ልጇ በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንዲያስተረጉሙ አትገደድም።

የመውለጃዋ ቀን የቀረበ አንባቢ በሚቀጥለው ክትትል ሐኪሟን ሌሊት ምጥ ቢመጣ ማን እንደሚያዋልዳት ትጠይቅ፤ በምስጢር ያወራችው ሁሉ ተረኛው በሚከፍተው ፋይል ላይ መጻፉንም እዚያው ታረጋግጥ። «ያን ጊዜ እናያለን» ከተባለች፣ ከመነሣቷ በፊት የሚያስረዳት ሌላ ሰው እንዲጠራላት ትጠይቅ።