ብርሃን በገበያ አይሸጥም

ባለፈው የመስቀል በዓል ሰሞን አንጋጫ ከተማ ውስጥ አንድ ወጣት መምህር ከደረት ኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት አውጥቶ አሳየኝ። በወረቀቱ ላይ የአምስት ካሜራዎች ስም ከነዋጋቸው ተደርድሯል። ርካሽ የተባለው እንኳ የብዙ ወር ደመወዙን ጠራርጎ የሚወስድ ነው። «ጋሼ፣ ደህና ፎቶግራፍ ለማንሣት የትኛውን ብገዛ ይሻለኛል?» አለኝ። ከጥያቄው አስቀድሞ በስልኩ ያነሣውን የእናቱን ምስል አሳይቶኝ ነበር። እናቱ በቀትር ፀሐይ ከቤታቸው ደጃፍ ቆመው ነጭ ነጠላ ተከናንበዋል። ነጠላው ያበራል፤ ፊታቸው ግን ዓይን ከአፍንጫ የማይለይበት ጥላ ሆኗል። ልጁ ጥፋቱን በስልኩ አላከከ። ከእነዚያ አምስት ካሜራዎች የትኛውም ቢሆን በዚያ ሰዓትና በዚያ አኳኋን ያንኑ ጥላ ያነሣ እንደነበር የነገረው ሰው የለም።

ለመሆኑ ይህን ወረቀት ማን አጻፈው? በከተሞቻችን ፎቶግራፍን ለነፍስ እርካታ የሚይዙ ወጣቶች ቁጥር እየበዛ ነው፤ ይህም የሚያስመሰግን ነገር ነው። ነገር ግን ምክር ፍለጋ ዙሪያቸውን ሲመለከቱ የሚያገኙት አማካሪ በአብዛኛው ሻጭ ነው፤ ሻጭ ካልሆነም የሻጩን ቃል እንዳለ የሚደግም አድናቂ ነው። የፒክሰሉ ብዛት፣ የሌንሱ ርዝመት፣ የሞዴሉ ዓመት ይነገራቸዋል። ስለ ሰው ፊት፣ ስለ አገሩ ሰማይ፣ ስለ ምስሉ ዕድሜ ግን የሚነግራቸው የለም። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ለአማተር ፎቶግራፍ አንሺዎቻችን የሚሰጠው ምክር ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ፣ ለአገሩም ባዕድ የሆነ ምክር ነው። በዚህ የተነሣ የሚባክነው ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልሁ ነበር፤ የአንድ ትውልድ መልክ ሳይመዘገብ በማለፉ ግን ዝም ማለት አልተቻለኝም።

«መሣሪያ ዋጋ የለውም» የሚል ተከራካሪ ቢነሣ ከእርሱ ወገን አልቆምም። ገጣሚ እንኳ ወረቀትና ብዕር ይሻል። ከካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው ተራ ዙም ሌንስ ሩቁን ለማቅረብ ሲሳብ ክፍተቱ ብዙውን ጊዜ በ5.6 ላይ ይቆማል፤ ርካሹ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን እስከ 1.8 ይከፈታል። ይህም ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል ማለት ነው። ጭስ ባጠቆረው ቤት ውስጥ ምስልን ከብዥታ የሚለየው ይኸው ነው። ስለዚህ ገንዘብ ያለው ሰው አስቀድሞ ሌንሱን፣ ቀጥሎ ባለ ሦስት እግር ማስቆሚያ፣ ከዚያም መብራት በሚቋረጥበት ቀን የሚያገለግል ትርፍ ባትሪና ሁለተኛ የማስታወሻ ካርድ ይግዛ። የካሜራው አካል የመጨረሻው ይሁን፤ እርሱም ስምንት ወይም አሥር ዓመት ያገለገለ ቢሆን አያሳፍርም። ማስቆሚያ ያጣ ሰው ትንሽ ከረጢት ባቄላ ሞልቶ ካሜራውን በአጥር ላይ ያስደግፍ። ከስልክ በቀር ምንም የሌለው ደግሞ ከዚህ በታች የምለውን ያድምጥ፤ የሚጎድልበት ነገር እንደሚነገረው ብዙ አይደለምና።

የመጀመሪያው ነገር ሰማዩ ነው። ከባሕር ማዶ የተጻፈ መመሪያ ፀሐይ ከወጣች በኋላና ከመጥለቋ በፊት ያለውን ወርቃማ ሰዓት ተጠቀሙ ይላል። መልካም ቃል ነው። ይሁን እንጂ የጸሐፊው አገር ፀሐይ በሰያፍ መንገድ ቀስ እያለች የምትወጣበት የሰሜን አገር በመሆኑ ያ ብርሃን ለእርሱ ይረዝምለታል። አንጋጫ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በሰባት ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህች ምድር ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ቀጥ ብላም ትወርዳለች። በሚያዝያ መባቻና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ በቀትር ከአናታችን ላይ ትቆማለች፤ ያን ጊዜ የቅንድብ ጥላ ዓይንን ይሸፍናል፣ የአፍንጫም ጥላ ከንፈር ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የእኛ የሥራ ሰዓት ጠዋት እስከ ሁለት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላም ከአሥር ሰዓት ተኩል ወዲህ ነው። በመካከሉ የሚነሣው ሰው ወደ ጥላ ይግባ። የእንሰት ጥላ ለስላሳ ቢሆንም አረንጓዴ መሆኑ ግን አይዘንጋ፤ በሰፊው ቅጠል ውስጥ ሰርጎ የሚመጣው ብርሃን ጤነኛውን ሰው ሕመምተኛ ያስመስለዋል። ሁለት እርምጃ ወጥቶ ከቤት ክዳን ጥላ ሥር መቆም ይሻላል። ይህን በእንሰት መካከል ያደገ ልጅ አንድ ጊዜ ልብ ቢለው አይረሳውም፤ ካሜራ ሻጭ ግን አይነግረውም።

ሁለተኛው ነገር የፊታችን ቀለም ነው። በካሜራ ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ፣ ማለትም ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ ነገር አድርጎ ይገምታል። ነጭ ነጠላ የምስሉን ሰፊ ክፍል ሲይዝ መለኪያው ብርሃን የበዛ መስሎት ይቀንሳል፤ ነጠላውን ለማዳን ሲል ፊትን ይሠዋል። በመምህሩ እናት ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። መድኃኒቱ ገንዘብ አያስወጣም። ሰውየውን እኩል ጥላ ውስጥ ማስገባት፤ በካሜራ ከሆነ ማስተካከያውን አንድ እርከን ያህል ወደ ላይ መጨመር፤ በስልክ ከሆነ በመስተዋቱ ላይ የሚታየውን ፊት በጣት ነክቶ የብርሃኑን ምልክት ከፍ ማድረግ ነው። ነጠላው ከልክ በላይ ቢነጣ ይንጣ፤ ፊት ይቀድማል።

ይህ ጉዳይ ታሪክም አለው። ኮዳክ ለፊልም ማጠቢያ ቤቶች ያሠራጨው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴት ፎቶግራፍ ነበር፤ ካርዱም «ሸርሊ» እየተባለ ይጠራ ነበር። የሸርሊ ቆዳ አምሮ ከወጣ ቀለሙ ትክክል ነው ይባላል፤ የጠቆረው ፊት ዝርዝሩ ቢጠፋ ግን ጥፋቱ የፊቱ እንጂ የፊልሙ ተደርጎ አይቆጠርም ነበር። ጉግል የተባለው ኩባንያ የጠቆረ ቆዳን በሚገባ የሚያነሣ ማስተካከያ በስልኩ ላይ አወጣሁ ብሎ ያስታወቀው በ2021 እ.ኤ.አ. መሆኑ ችግሩ ምን ያህል እንደቆየ ይመሰክራል። እንግዲህ ባዕዱን ምክር እንዳለ የሚቀበል ወጣት ሳያውቀው የሸርሊን ፊት መለኪያ አድርጎ የእናቱን ፊት ይመዝናል ማለት ነው።

ሦስተኛው ነገር በር ነው። እኔ ስለ ብርሃን የተማርሁት ከመድረክ ነው። በቲያትር ቤት አንዲት መብራት ከአንድ ጎን ስትበራ ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት ልቡ ይነበባል። ይህን በብዙ ሽቦና በብዙ ድካም የምንፈጥረውን ብርሃን የከምባታ ክብ የሣር ቤት በአንዲት በሩ ብቻ በነጻ ይሰጣል። የሚነሣው ሰው ከበሩ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ፊቱን በከፊል ወደ በሩ አዙሮ ይቀመጥ። አንሺው በሩን ሳይጋርድ በጎን ይቁም። ብርሃኑ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ፈጥኖ ስለሚቀንስ ግድግዳው በራሱ ይጨልማል፤ ፊት ብቻውን ይቀራል። ፍላሽ አይነካ። ባለ 50ውን ሌንስ የያዘ ሰው የሸተሩን ፍጥነት ከ1/60 ሰከንድ ባያወርድ እጁ አያጋልጠውም። እዚህ ቤት ውስጥ መለኪያው በተቃራኒው ይሳሳታል፤ ጨለማውን ግድግዳ አይቶ ብርሃን ይጨምራልና አንድ እርከን ዝቅ ማድረግ ይገባል። በእንዲህ ያለ ቤት ተወልዶ ያደገ ሰው «ስቱዲዮ የለኝም» ሲለኝ አዝናለሁ።

አራተኛው ነገር ክረምት ነው። በዚህ እርጥበት በሚበዛበት ደጋ ሌንስን የሚገድለው ሻጋታ ነው፤ ያማረው የቆዳ ማኅደርም እርጥበት ስለሚይዝ የሻጋታ ማደሪያ ይሆናል። በደንብ የሚገጠም የፕላስቲክ ዕቃ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች፣ እነርሱ ከታጡም በምጣድ ደርቆ የቀዘቀዘ ሩዝ በጨርቅ ተቋጥሮ ይበቃል። አቧራ አስቀድሞ በአየር ይነፋ እንጂ በነጠላ ጫፍ አይታሽ፤ የአሸዋዋ ቅንጣት መስተዋቱን ትቧጭራለችና።

«በዓለም የተሸለሙት ሁሉ ውድ ዕቃ ይዘው የለምን?» የሚሉኝ አሉ። ይዘዋል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኢቲ 302 አውሮፕላን ከተከሰከሰ በኋላ፣ በሐዘን በራሷ ላይ አፈር የምትበትነውን ሴት ያነሣው ኢትዮጵያዊው ሙሉጌታ አየነ በ2020 እ.ኤ.አ. ለዓለም የፕሬስ ፎቶግራፍ የዓመቱ ምርጥ ምስል ከታጩት አንዱ ሆኗል። ያን ምስል አይቶ ስለ ሌንሱ ቁጥር የጠየቀ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ምስሉን ያቆመው ከሐዘንተኞቹ ጋር መገኘቱ ነው። በአንጻሩ ሐምበሪቾ ተራራን፣ ያንን 777 ደረጃ፣ ለመጎብኘት ሲመጡ ረጅም ሌንስ ከሩቅ አነጣጥረው የሽማግሌ ሽብሽባት የሚለቅሙ አሉ። ስም አይጠይቁም፣ ፈቃድ አይለምኑም፣ ምስሉንም አይመልሱም። ይህ አደን ነው እንጂ ፎቶግራፍ አይባልም። ሰላምታ ከማንኛውም ሌንስ ይልቅ ሰውን ያቀርባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቦያጂያን ቤተሰብ፣ በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጊዜ ሽመልስ ደስታ የቤተ መንግሥቱን ሰው አንሥተዋል። የነገሥታቱን መልክ ዛሬ የምናውቀው ኔጋቲቩ ተጠብቆ፣ ምስሉም በወረቀት ታትሞ ስለቆየ ነው። የእንሰት ፋቂዋን፣ የሸክላ ሠሪዋን፣ የገበሬውን መልክ ማን ይጠብቀው? አማተሩ የሰፊው ሕዝብ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነው፤ ሹመቱን የሚሰጠው ስለሌለ ራሱ ይውሰደው።

ባለፈው ዓመት በዚሁ አካባቢ ከአንድ ለቅሶ ደርሼ ነበር። ሟቹ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲጓዝ በመንገድ የቀረ ወጣት ነው። ከሆሳዕናና ከዱራሜ ዙሪያ ስንቱ በዚያ መንገድ እንደሚሄድ ያልሰማ የለም፤ መንገዱ የሚያስከፍለውንም መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ፣ ቴቴ በተባለው ግዛት፣ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ሞተው የተገኙት 64 ስደተኞች፣ ኢትዮጵያውያን የተባሉት፣ ነግረውናል። አስከሬን በሌለበት ለቅሶ አስከሬኑን የሚተካው ፎቶግራፉ ነው። የዚያ ወጣት ፎቶግራፍ ግን ከስልክ ተቆርጦ ከልክ በላይ የተለጠጠ፣ ፊቱ ወደ አራት ማዕዘን ነጠብጣብ የተለወጠ ምስል ነበር። እናቱ በጣታቸው ይዳብሱታል፤ ዓይኑን ይፈልጋሉ፤ አያገኙትም። ወንድሞቹ ሁለቱም ጥሩ ስልክ ነበራቸው። በሺህ የሚቆጠር ምስል አንሥተዋል፤ አንዲትም አላሳተሙም። ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፣ ካርድ ይበላሻል። ወረቀት ግን በሣጥን ሥር ይቆያል።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። በወር አንድ ምስል ይታተም፤ ለተነሣው ሰው ይሰጥ፤ በጀርባው ስም፣ ቦታና ቀን በእርሳስ ይጻፍ። ዋናው ፋይል ከስልክ ሌላ በሁለት ቦታ ይቀመጥ። ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ከመሄዱ በፊት ከእናቱ ጋር በበሩ ብርሃን ይነሣ። የየወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤቶችም ለበዓል ባነር ከሚያወጡት ገንዘብ ቀንሰው በየትምህርት ቤቱ ላሉ አማተሮች አንድ ማተሚያ ቢገዙ ከብዙ ሥልጠና የበለጠ ሥራ ይሠራሉ።

ለወጣቱ መምህር የመለስሁለትም ይህንኑ ነው። «ወረቀቱን አታቃጥለው፣ ገንዘብ ስታገኝ ትገዛለህ። ነገ ጠዋት ግን አንድ ሰዓት ላይ፣ በያዝከው ስልክ፣ እናትህን ከበሩ ውስጥ አስቀምጠህ አንሣቸው። ሆሳዕና በሄድክ ቀን አሳትመህ በእጃቸው ስጣቸው። ፊታቸው ከታየ አማተርነትህን ጨርሰሃል፤ ካልታየም የሚቀጥለው ጠዋት አለ» አልሁት።