የለውዝ ሻይ የሚናቅ ነውን?

ከባልንጀሮቼ አንዳንዶቹ የለውዝ ሻይ ስጠጣ ባዩኝ ጊዜ «ይህ ሻይ ነው ወይስ ሾርባ?» እያሉ ይሥቁብኛል። እኔም በዚህች ዓመታዊት መጽሔታችን ላይ መልሴን ለመስጠት ብዕሬን አነሣሁ።

እንደሚታወቀው ሁሉ ቡና በአገራችን የክብር ሥፍራ ያለው መጠጥ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ለውዙ ከባቢሌ፣ የሻይ ቅጠሉ ከውሽውሽ መጥቶ በአንድ ብርጭቆ ሲገናኙ፤ ምሥራቅና ደቡብ ምዕራብ በአንድ ገበታ ተቀመጡ ማለት አይደለምን? ለውዙ ተቆልቶና ገለፈቱ ተነሥቶ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ከዚያም ቀረፋና ቅርንፉድ በገባበት ሻይ ተበጥብጦ ይፈላል። መዓዛው መንገደኛውን ከሩቅ ይጠራል። ወተት በማይቀመስበት በጾም ወራትም የወተትን ቦታ ይተካል። ከ100 ግራም ለውዝ 25 ግራም ያህሉ ፕሮቲን ነውና፤ ቁርስ ሳይቀምስ ለሚመጣ ተማሪ ጥቅሙ ቀላል አይደለም።

ይህን የምናገረው በወሬ ሰምቼ አይደለም። እናቴ በንፋስ ስልክ ላፍቶ መንገድ ዳር ሻይ እያፈላች ታስተምረኛለች። ባለፈው ክረምት ለውዝ ተወደደና አንድ ሻጭ የሻገተ ለውዝ በርካሽ አቀረበላት። እኔም የደብተር መግዣ እንደጎደለን አውቅ ነበርና «እማዬ፤ ከተቆላ በኋላ ማን ያውቃል?» አልኋት። እርስዋ ግን «ልጄ፤ ጠጪው ባያውቅ እኔ አውቃለሁ» ብላ ሰውየውን አሰናበተችው። ከጥቂት ወራት በኋላ በለውዝ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያወጣ እንደሚችል፣ መርዙም ጉበትን እንደሚጎዳና በመቁላት ወይም በማፍላት ፈጽሞ እንደማይጠፋ ባነበብሁ ጊዜ አንገቴን ደፋሁ። ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ ተማሪውን ልጅዋን በልጣ ተገኘች።

ስለዚህ በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በትምህርት ቤታችን ሻይ ቤት የለውዝ ሻይ ይፈላልን፤ ነገር ግን ለውዙ አንድ በአንድ ይለቀም፣ የሻገተውም ይጣል። ደግሞም ለውዝ የማይስማማው ሰው አለና፤ አለርጂው ለሕይወት እስከማስጋት ሊደርስ ስለሚችል፤ ለውዝ ያለበት መሆኑ በግልጽ ተጽፎ ይለጠፍ።

እናንተም ባልንጀሮቼ፤ የሚስማማችሁ ከሆነ አንድ ብርጭቆ ቅመሱና ከዚያ በኋላ ሣቁ።