አውሮፕላኑ ከመገዛቱ በፊት ሜዳው ይፈለግ

የኳስ ተመልካች በሪሞት ስለሚበር ነገር የሰማው በደህና ቀን አይደለም። ጥቅምት 4 ቀን 2007 ዓ.ም ቤልግሬድ ላይ ሰርቢያና አልባኒያ ለአውሮፓ ዋንጫ ማጣሪያ ሲጫወቱ፣ የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ባንዲራ ያንጠለጠለች ድሮን ሜዳው ላይ አንዣበበች። የሰርቢያው ተጫዋች ባንዲራውን ጎትቶ አወረደው፣ የአልባኒያዎቹ ተንደረደሩ፣ ደጋፊ አጥር ዘሎ ገባ፣ ጨዋታው በዚያው ቀረ። ውጤቱን የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት በሐምሌ 2007 ዓ.ም ለአልባኒያ 3 ለ 0 ብሎ እስኪቋጨው ድረስ ወራት ፈጀ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሪሞት ይዞ ወደ ሰማይ ያንጋጠጠ ልጅ ሲያይ የሚያስበው ያቺን ድሮን ነው። ያሳዝናል። በሬዲዮ የሚመራ ትንሽ አውሮፕላን ማብረር ድሮን ገበያ ላይ ከመውጣቱ ብዙ ዓመት በፊት የነበረ፣ ህግና ዳኛ ያለው፣ የዓለም ሻምፒዮና የሚካሄድበት ስፖርት ነው። የበላይ አካሉ ዓለም አቀፉ የኤሮናቲክስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1905 ሲቋቋም ፊፋ ገና የአንድ ዓመት ህጻን ነበር። ሁለቱም ዛሬ ቢሯቸው ስዊዘርላንድ ነው። ልዩነቱ አንደኛውን የሚያውቀው የዓለም ህዝብ፣ ሌላኛውን የሚያውቀው አባሉ ብቻ መሆኑ ነው።

ወደ ሀዋሳ እንምጣ። በ1996 እና በ1999 ዓ.ም የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳ ክለብ ያለው ከተማ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ የሚያድግ ልጁ ኳስ ቢያብድ አይገርምም። ሆኖም አንዳንዱ ልጅ ዓይኑ ሰማይ ላይ ነው። ገንዘብ ያጠራቅማል፣ ወይም ውጭ ያለ አጎቱን «እባክህ ጋሼ፣ ስትመጣ አንዷን ይዘህልኝ ና» ይላል። አጎትየው «የትኛዋን?» ሲል ነገር ይበላሻል። ልጁ የሚመርጠው ተዋጊ ጄት ነው! ሹል አፍንጫ፣ አጭር ክንፍ፣ የሚያብረቀርቅ ቀለም። ስሙ ብቻ ያስፈራል።

ይሄ ገና ኳስ ማቆም ያልቻለን ልጅ በደርቢ ቀን አሰልፎ «በል ፍጹም ቅጣት ምቱን አንተ ምታ» እንደማለት ነው። አጭር ክንፍ ያለው ጄት በአየር ላይ ለመቆየት መፍጠን አለበት፤ ሲፈጥን ጀማሪው ለማሰብ ጊዜ ያጣል፤ ቀስ ላድርገው ካለ ደግሞ ክንፉ አየሩን መያዝ ያቅተውና ይወድቃል። ዕድሜው በሰከንድ የሚቆጠር ደስታ ነው።

ትክክለኛውን ምርጫ ማየት የሚፈልግ አሞራ ገደል ይሂድ። የዓሳ ትራፊ የሚጠብቁት እነዚያ ትላልቅ ወፎች በረጅምና ሰፊ ክንፋቸው ሳያራግቡ ሲንሳፈፉ ይታያሉ። የጀማሪ አውሮፕላንም እንደዚያው ነው። ክንፉ ከአካሉ በላይ የተቀመጠ፣ ጫፎቹ ትንሽ ወደ ላይ ቀና ያሉ፣ ከጫፍ ጫፍ አንድ ሜትር ወይም ትንሽ በለጥ የሚል፣ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ የማያልፍ። እንዲህ ያለው ጣት ከሪሞቱ ሲነሳ ራሱን ያቃናል። አካሉ ከፎም ቢሆን ይመረጣል፤ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶን ውስጥ የሚገኘው ነጭ ነገር ዘመድ ነው። ይሰበራል፣ በማጣበቂያ ይጠገናል፣ ነገ ይበራል። (ማጣበቂያው ላይ ጥንቃቄ ይደረግ፤ ተራው ሱፐር ግሉ አንዳንዱን ፎም ያቀልጠዋል።) ፕሮፔለሩ ከኋላ ቢሆን ደግሞ እሰየው፤ አውሮፕላኑ በአፍንጫው ሲተከል ፕሮፔለሩ ይተርፋል። ኤሮስካውት የሚባለው የጀማሪ ሞዴል የተሰራው በዚህ ሐሳብ ነው። ሚዛን የሚጠብቅ ጋይሮ ያለው ከተገኘ አይናቅ። አንዳንድ ጉረኛ «ጋይሮ ማጭበርበር ነው» ይላል፤ ይበል።

የጀማሪ ትልቁ ፈተና ግን ሌላ ነው። አውሮፕላኑ ከአብራሪው ሲርቅ ግራው ግራ፣ ቀኙ ቀኝ ነው። ዞሮ ሲመጣ ይገለበጣል፤ በረኛ ከፊቱ የሚመጣበትን የተጋጣሚ ግራ ክንፍ በቀኙ በኩል እንደሚያየው። ጣት ይህን እስኪለምድ ብዙ አውሮፕላን መሬት ይበላዋል። መድኃኒቱ ኮምፒውተር ላይ በሚሰራ የበረራ ጌም መለማመድ ነው፤ ፕሌይስቴሽን ቤት ላደገ ልጅ ይሄ ቅጣት አይደለም።

የውጭ መመሪያ የማይነግረው አንድ ነገር ደግሞ አለ። የአዲስ አበባ ስታዲየም ከፍታ እንግዳ ቡድን ሲያስለከልክ ስንት ጊዜ ታይቷል? ፎም አውሮፕላንም ያንኑ ስስ አየር ነው የሚጋፈጠው። ሀዋሳ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ናት፤ እዚያ አየሩ ከባህር ዳርቻው በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል። አዲስ አበባ ላይ ከ20 በመቶ ያልፋል። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚሸከመው፣ ፕሮፔለሩም የሚገፋው ይቀንሳል፤ ሀዋሳ ላይ ያው አውሮፕላን ለመነሳት ወደ 9 በመቶ የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ «ቀላል ነው» የተባለ ከባድ ሞዴል እዚህ ቀላል አይሆንም። ከሁለት እኩል ጥሩ አውሮፕላኖች የቀለለው ይወሰድ።

ባትሪውን አጭር እናድርገው፤ ሊቲየም ፖሊመር ነው፣ አሥር ደቂቃ ገደማ ያበራል፣ ከተበሳ ወይም ያለልኩ ቻርጅ ከተደረገ እሳት ነው። ተኝቶ ሳለ ቻርጅ የሚያደርግ ሰው ኳሱን ትቶ ሌላ ጨዋታ እየተጫወተ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አውሮፕላኑ ተመረጠ እንበል። የት ይበራል? መኖሪያ ሰፈር ውስጥ የመብራት ሽቦ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ህጻን አለ። በየአቅጣጫው መቶ ሜትርና ከዚያ በላይ ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። ፍቅር ሐይቅ ዳር ቆሞ ውሃው ላይ ማብረር ያጓጓል፤ ቤት የለ፣ ዛፍ የለ! ሞተሩ ያቆመ ዕለት ግን ጀልባ መለመን ነው። ኤርፖርት አጠገብ አይታሰብም፣ ጨዋታ ያለበት ስታዲየም ላይም እንዲሁ፤ ቤልግሬድን ያየ ያውቀዋል። ኳሱም በየሰፈሩ በሜዳ እጦት የሚሰቃይበት ዘመን ስለሆነ፣ አብራሪውና ኳስ ተጫዋቹ ያላቸው ችግር አንድ ነው።

ፈቃዱስ? ድሮን ያለ ኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ወደ አገር አይገባም፤ ፈቃድ ሳይዝ የመጣ መንገደኛ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ትቶት ይወጣል። የፎም አውሮፕላን ድሮን አይደለም ብሎ ፍተሻው ላይ መከራከር ይቻላል፣ ማሸነፍ ግን ሌላ ነገር ነው። አጎትየው ትኬት ሳይቆርጥ ይጠየቅ። የጸጥታው ስጋት እውነተኛ ነው፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ፎም የሚያበር የ15 ዓመት ልጅና ካሜራ የሚሸከም ድሮን በአንድ ሚዛን የሚታዩ ከሆነ የሚጎዳው ልጁ ነው። ፍላጎቱ እንዳለ ታይቷል፤ አስመላሽ ዘፈሩ ኬ-570ኤ ያላትን ሰው የምትጭን አውሮፕላን በራሱ እጅ ገጣጥሞ በ2007 ዓ.ም ለማስነሳት ሲሞክር ፕሮፔለሩ ተሰብሮበታል። ትንሿን አውሮፕላን ሃያ ጊዜ ጥሎ የተማረ ልጅ ትልቋን ሲሰራ ብዙ ስህተት ከኋላው ትቶ ይመጣል።

ብቻውን ፈቃድ የሚጠይቅ ልጅ ከቢሮ ቢሮ ይመላለሳል። ክለብ ሆነው፣ የክፍለ ከተማው ስፖርት ጽህፈት ቤት ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዘው፣ «እሁድ ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ፣ በዚህ ሜዳ፣ ከዚህ ከፍታ ሳናልፍ» ብለው ቢቀርቡ ግን የሚሰማቸው ሰው ሊገኝ ይችላል። ከተፈቀደም አምስት ልጅ አምስት አውሮፕላን አይግዛ፤ አንዷን በጋራ ይግዙ፣ በተረፈው ትርፍ ባትሪና ስድስት ፕሮፔለር ይጨመር። ስድስቱም ያልቃሉ።