ዐጸድ የሌለው ዐጸደ ሕፃናት

«ዐጸድ» በግእዝ ቅጥር ያለው የተክል ስፍራ ማለት ነው። አባቶቻችን ዛፍ የከበበውን የቤተ መቅደስ ግቢ ዐጸደ ቤተ ክርስቲያን እንዳሉት ሁሉ፣ በኋላ ዘመን የተነሡት የትምህርት ሰዎችም ታናናሾች ልጆች የሚውሉበትን ቤት ዐጸደ ሕፃናት ብለው ሲሰይሙት፣ ሕፃኑና ተክሉ በአንድ ቅጥር ተጠብቀው እንዲያድጉ የተመኙ ይመስላል። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው፣ ኋላም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ካሠሩት ደብር ስሟን የወረሰችው ደብረ ማርቆስ፣ ይህን ቃል ከማንም ይልቅ ልታውቀው የሚገባት ከተማ ናት። ዛሬ ግን ዐጸደ ሕፃናት በሚል ሰሌዳ ሥር ደጋግመን የምናየው የተረገጠ መሬትና የቆርቆሮ አጥር ነው፤ ተክሉ ሄዶ ስሙ ብቻ ቀርቷል።

ይህ የሆነው ችግኝ የሚተክል ሰው ጠፍቶ አይደለም። የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ፣ ይልቁንም በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ከተነገረበት ከሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ወዲህ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ተማሪውም ሠራተኛውም አካፋና ዶማ ይዞ ይወጣል፤ ይህም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የደጋችን ዝናም አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ እንደ መሆኑ መጠን፣ ጥቅምት ሲጠባ ሰማዩ ይጠራል፤ ሐምሌ ላይ በጭብጨባ የተተከለውም ችግኝ የቀኑን ፀሐይ፣ የሌሊቱን ውርጭና ጠባቂ የሌለውን ከብት ብቻውን ይጋፈጣል። በጥር ወር ከደረቁት አንዱን ጎንበስ ብሎ የነቀለ ሰው፣ አንዳንድ ጊዜ ሥሩ ገና በጥቁር ላስቲኩ እንደ ተጠቀለለ፣ አፈሩን ሳይነካ እንደ ሞተ ያገኘዋል። «ልጅን በጡት፣ እህልን በጥቅምት» ያለው የአገራችን ሰው፣ እንክብካቤ ጊዜውን ካለፈ እንደማይጠቅም ከጥንት ያውቅ ነበር።

ስለዚህ የጋዜጣችን አቋም፣ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ከተከላው ቀን ይልቅ ለበጋው ጥበቃ ይዋል፤ በዚህም ጥበቃ ታናናሾች ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ድርሻ ይኑራቸው የሚል ነው። ባለ ሁለት ሊትር የዘይት ጀሪካን ውኃ ሞልታ የመጣች የስድስት ዓመት ልጅ፣ መጀመሪያ በአንድ ጊዜ ትደፋውና ውኃው በቁልቁለቱ ሲወርድ ታያለች፤ እናትዋም «ቀስ በይ እናቴ፣ ወይራው ይጠጣው እንጂ» ስትላት በዙሪያው አፈር መከለልን፣ በላዩም ደረቅ ሣር ማልበስን ትማራለች። በሳምንቱ ተመልሳ አዲስ ቅጠል ያየች እንደ ሆነ ያ ወይራ የእርስዋ ነው፤ ቅርንጫፉን የሚቀነጥብ ጎረምሳ ቢመጣ ከዘበኛ ቀድማ የምትጮኸው እርስዋ ናት። የጎጃም አድባራት ደን እስከ ዛሬ የቆመው፣ ለዛፉ የሚገባው ክብር ከሕፃንነት ጀምሮ በልቡና ስለሚተከል አይደለምን?

ይህ የሕፃናትን ጉልበት መበዝበዝ ነው የሚል ወላጅ ቢኖር ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ሥራው በሳምንት ከግማሽ ሰዓት አይለፍ፤ ከአውራ መንገድና ከወንዝ ዳር ይራቅ፤ ሰላም በታወከበት ሰሞን ከትምህርት ቤቱ ቅጥር አይውጣ፤ ሕፃናቱም ለባለሥልጣን ፎቶግራፍ ማድመቂያ አይሁኑ።

የከተማው አስተዳደር በበኩሉ ለአረንጓዴ ስፍራ የተከለለውን መሬት ወሰን ያስከብር፣ የውኃ ቧንቧ ያቅርብ፣ ችግኙንም ውኃ አብዝቶ ከሚጠጣው ባሕር ዛፍ ይልቅ ከወይራ፣ ከጽድና ከኮሶ ይምረጥ። ቆጠራውም ይታረም። ኬንያዊቱ ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 የመሠረቱት የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ ለገበሬ ሴቶች ጥቂት ገንዘብ ይከፍል የነበረው ጸድቆ ለተገኘው ችግኝ ነው፤ እኛም ብንሆን የሐምሌውን የተከላ ቍጥር ትተን፣ በግንቦት መጨረሻ ልጆቹ ራሳቸው በጣታቸው እያመለከቱ የሚቈጥሩትን ሕያው ተክል እንመዝግብ። ቍጥሩ ቢያንስ እንኳ እውነተኛ ይሆናል፤ ለሚመጣውም ክረምት ስንት ጉድጓድ መቈፈር እንዳለብን የሚነግረን እርሱ ነው።