ኖራ እያለ ዋካንዳ

«ብላክ ፓንተር» በየካቲት 2010 ዓ.ም. ለዕይታ ከበቃ ወዲህ ስለ ፊልምና ስለ ቱሪዝም ወሬ በተነሣ ቁጥር ብቅ የሚል አንድ ምኞት አለ። ሰዎቹ የሌለ አገር ፈጥረው፣ ዋካንዳ ብለው ሰይመው፣ ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካስገቡ እኛ ያለ አገር ይዘን ምን አነሰን? ይባላል። አንድ ጎበዝ ዳይሬክተር ይነሣና የመካከለኛውን ዘመን ነገሥታትና ሱልጣኖች፣ ገደሉንና ቆላውን፣ ፈረሱንና ግመሉን አዋህዶ ምናባዊ ፊልም ይሥራ፤ ፊልሙ ዓለምን ጉድ ያሰኝ፤ ቀጥሎ የፊልሙ ከተማ በመዝናኛ ፓርክ መልክ ይገንባና በሩ ላይ ቲኬት ይቆረጥ። ለዚህ ደግሞ ከይፋት የተሻለ ቦታ የት ይገኛል? ከጣርማበር ዋሻ ወጥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ ተነሥቶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያርፋል፤ ጋቢ ተከናንቦ የተሳፈረ መንገደኛ ጋቢውን አጣጥፎ ማንጎ ይገዛል። ካሜራ የሚወደው አገር ነው። በምኞቱ ክፋት የለበትም፤ ስሕተቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የፊልም ሰፈር የሚባለው ነገር የረጅም ሥራ መጨረሻ ሆኖ ሳለ እኛ መጀመሪያው ልናደርገው እንፈልጋለን።

ሌላው ዓለም እንዴት እንደ ደረሰበት ማየት ይበጃል። የሃሪ ፖተር የመጀመሪያ መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1997፣ የመጀመሪያው ፊልም የወጣው በ2001፣ በኦርላንዶ የሃሪ ፖተር ሰፈር የተከፈተው ደግሞ በ2010 ነው። በመካከሉ ባሉት 13 ዓመታት ሰባቱ መጻሕፍት ወጥተው አልቀዋል፤ አንድ ትውልድ ከታሪኩ ጋር አድጓል፤ ስለዚህ ጎብኚው የሱቆቹን ስም ሳይቀር አውቆ ነው በሩን ያለፈው። በኒው ዚላንድ በማታማታ አጠገብ ያለው የሆቢቶች መንደር ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል፤ ገጠር ነው፣ የበግ እርሻ ነበር። ብዙ ሰው ታሪኩን ሲያወራ ፊልሙ ድንገት መጥቶ እርሻውን እንዳከበረው አድርጎ ነው። ነገር ግን ቶልኪን «ዘ ሆቢት»ን ያሳተመው በ1937 ነው፤ የፊልሙ ዳይሬክተር ፒተር ጃክሰን ያን እርሻ ያገኘው ከ60 ዓመት በኋላ ነው። ስድሳ ዓመት ሙሉ አንባቢ ሲጠራቀም ቆይቷል ማለት ነው። ዝና ብቻውን እንደማይበቃም ዲዝኒ ከኪሱ ከፍሎ አይቶታል፤ ዓለም ከ1977 ጀምሮ የሚያውቀውን «ስታር ዋርስ»ን ተማምኖ በ2022 ፍሎሪዳ ውስጥ የከፈተው የጠፈር መርከብ ሆቴል በ2023 ተዘግቷል። ዋካንዳ ራሷስ? ተዋጊዎቿ በካሊፎርኒያ ፓርክ ውስጥ ትርዒት ሲያሳዩ ታይተዋል እንጂ ያን ያህል ገንዘብ ያስገባው ፊልም የራሷን የዋካንዳን ሰፈር ሲያስገነባላት አላየንም። አርአያ አድርገን የምንጠቅሰው ፊልም እንኳ ለባለቤቶቹ ይህን አላደረገም።

«አቫታርስ?» የሚል ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። «አቫታር» በ2009 መጨረሻ ሲወጣ ከኋላው መጽሐፍ አልነበረውም፤ ተከታዩ ፊልም የመጣው በ2022 ነው፤ የፊልሙ ዓለም የፓንዶራ ሰፈር ግን በ2017 ተከፍቶ ሰው ይሰለፍበታል። አንድ አዲስ ፊልም ሰፈር ወለደ ማለት ነው። ጥያቄው የት ወለደ ነው። ፓንዶራ የተተከለው ከ1998 ጀምሮ በሚሠራ የዲዝኒ የእንስሳት ፓርክ ውስጥ ነው፤ ፓርኩ ደግሞ ከ1971 ጀምሮ ቤተሰብ በሚጎርፍበት ግዙፍ የመዝናኛ ግዛት መካከል ይገኛል። ጎብኚው፣ ሆቴሉ፣ አውራ ጎዳናው፣ አውሮፕላን ማረፊያው ቀድሞ ነበረ። የፊልሙ ተንሳፋፊ ተራሮች ተቀዱባቸው ከሚባሉት አንዱ የቻይናው ዣንግጂያጂዬ ነው፤ በ2010 መጀመሪያ የአካባቢው ሹማምንት አንዱን የድንጋይ ዓምድ በፊልሙ ተራራ ስም ሰይመውታል። እኔ በበኩሌ የራስን ተራራ በሰው ፊልም ስም መጥራት ደስ አይለኝም፤ ቢሆንም ያ አካባቢ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1992፣ ፊልሙ ከመውጣቱ 17 ዓመት አስቀድሞ ነው። ፊልሙ የደረሰው ተጠንቶና ተከልሎ በቆየ ተራራ ላይ ነው። በዚያው የእንስሳት ፓርክ ውስጥ ደግሞ ሐራምቤ የተባለች የምሥራቅ አፍሪካ የወደብ ከተማ አለች፤ አለች ከተባለ። ዲዝኒ የኬንያዋን ላሙን እያየ፣ ግድግዳውን ሆን ብሎ አሰነጣጥቆ፣ ቀለሙን አስለቅቆ የሠራት ናት። እርጅናን በዶላር የሚገዙ ሰዎች ናቸው። ይፋት እርጅናውን መግዛት አያስፈልገውም።

ከሸዋ ሮቢት በላይና በታች፣ ገደሉ ወደ አዋሽ ሸለቆ በሚሰበርበት ዳርቻ ያለው ነገር ለመሆኑ ምንድን ነው? ዑመር ወላስማ እ.ኤ.አ. በ1285 በሸዋ የነበረውን የመኽዙሚ ሱልጣኔት አሸንፎ ግዛቱን ከያዘ በኋላ ቤተሰቡ ከመቶ ዓመት በላይ ከዚህ ሆኖ ገዝቷል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ካይሮ ተቀምጦ የጻፈው አል ዑመሪ ከዘይላ ሊቃውንት እየጠየቀ የዚህን አገር ሰባት የሙስሊም ግዛቶች ሲዘረዝር ከሁሉ አስቀድሞ ያነሣው ይፋትን ነው፤ ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋ የሚወጣው የሲራራ ንግድ በሱልጣኖቹ እጅ ያልፍ ነበርና። ይህ ሁሉ ለረጅም ዘመን በጽሑፍ ብቻ የሚታወቅ ነበር። ከዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ በፊት ግን ተመራማሪዎቹ ፍራንስዋ ዛቪዬ ፎቬል፣ ቤርትራን ኢርሽና ባልደረቦቻቸው በአካባቢው እየዞሩ አስበሪ፣ መሳል፣ ራሳ ጉባ፣ ኖራና በሪ ይፋት የሚባሉትን ፍርስራሾች አጠኑ። የተገኙት ሙሉ ከተሞች ናቸው፤ የድንጋይ ቤቶች፣ መስጊዶች፣ የመቃብር ስፍራዎች። በሪ ይፋት ላይ የወላስማ ቤተሰብ መቃብሮች የዐረብኛ ጽሑፋቸውን እንደ ያዙ ተገኝተዋል። ያም ሆኖ ፍርስራሽ ብቻ አይደለም፤ የጎዜ ጥንታዊ መስጊድ አለ፤ አርጎባዎች ዛሬም በድንጋይ ቤት ይሠራሉ፣ በገደል አፋፍ ይሰፍራሉ። አሁን ወደሚያናድደው ነገር ልምጣ። የዚያ የ15 ዓመት ጥናት ማጠቃለያ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው በፈረንሳይኛ፣ ካይሮ በሚታተም የጥናት መጽሔት ላይ ነው። አንድ የሸዋ ሮቢት ተማሪ የዋካንዳን ንጉሥ የዘር ሐረግ ከስልኩ በአንድ ጣት ያገኘዋል፤ ከሰፈሩ በላይ ያሉትን ሱልጣኖች የዘር ሐረግ ከምንጩ ላንብብ ካለ ግን ፈረንሳይኛ መማር አለበት።

እዚህ ላይ ጠንካራው ተቃውሞ ይመጣል፤ ምናባዊ ፊልም ታሪክ አይደለም፣ ፈጠራ ነው፣ ስለ ሱልጣን መቃብር የሊቃውንት ጽሑፍ ምን ያደርግለታል? የሚል። ፈጠራ ከባዶ የሚነሣ የሚመስለን ሥራውን ከውጪ ስናየው ነው። ቶልኪን በኦክስፎርድ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ነበር፤ ድንክዬዎቹና ዘንዶው የወጡት ዕድሜውን ሙሉ ካጠናው የሰሜን አውሮፓ ጽሑፍ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 «ራሴላስ» የተባለውን የሐበሻ ልዑል ተረት ሲጽፍ አገራችንን በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት፣ በ1735፣ የሚስዮናዊውን የዠሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ነበር። የ«ብላክ ፓንተር» የልብስ ባለሙያ ሩት ካርተርም ከመላ አፍሪካ ጌጥና ጨርቅ ስትሰበስብ ቆይታ ነው ኦስካር የተሸለመችው፤ ከዋካንዳ ሽማግሌዎች አንዱ በከንፈሩ ያደረገው ገል ከኦሞ ሸለቆ የሄደ ነው። ፈጣሪዎቹ ሁሉ ዝርዝር ይበላሉ። የእኛ ዳይሬክተር ተነሥቶ የይፋትን ሱልጣን ቤት ልሥራ ቢል ግድግዳው እንዴት ይደረደራል፣ ሰው በምን ይቀመጣል፣ ሲራራው ምን ይጭናል? መልሱን ካላገኘ ወደ ሆሊዉድ ዞሮ የሰውን በረሃ፣ የሰውን ሠይፍና የሰውን ጥምጥም ይቀዳል፤ የቅጂ ቅጂ ለማየት ደግሞ ከፈረንጅ አገር የሚመጣ፣ ከአዲስ አበባም የሚወርድ ሰው የለም።

ዕውቀቱ የሚያስፈልገው ለጌጥ ብቻም አይደለም። ምናባዊ ፊልም ብዙውን ጊዜ ዓለምን ለሁለት ይከፍላል፤ ብርሃን በአንድ ወገን፣ ጨለማ በሌላው። ይፋት ላይ ማን ጨለማ ሊሆን ነው? የዐፄ ዓምደ ጽዮንና የይፋቱ ሱልጣን ሰብረዲን ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1332 ገደማ የሆነው፣ ለፊልም የተሰናዳ ይመስላል፤ የንጉሡ ዜና መዋዕል ሰብረዲን በንጉሡ መዲና ጫት እተክላለሁ ብሎ እንደ ዛተ ሳይቀር ይነግረናል፤ እንዲህ ያለ ዛቻ የትኛውም የፊልም ደራሲ አስቦ አያመጣውም። ነገር ግን ዓምደ ጽዮን ሰብረዲንን ከያዘ በኋላ በቦታው የሾመው የሰብረዲንን ወንድም ጀማለዲንን ነው። በቀጣዮቹ ትውልዶችም የወላስማ ቤተሰብ ራሱ ለሁለት ተከፍሎ፣ ከፊሉ ለንጉሡ ገብሮ፣ ከፊሉ ይፋትን ትቶ ወደ አዳል ምድር ወርዷል። መስመሩ በሃይማኖቶች መካከል ብቻ ሳይሆን በአንድ ቤት ውስጥም ያልፋል። ዛሬ በዚያው ቆላ አማራ፣ አርጎባ፣ ኦሮሞና አፋር ይጎራበታሉ፤ አጣዬ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ተቃጥላለች፣ ሸዋ ሮቢት በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነት ገብቶባታል፣ ከዚያም በኋላ ሰላም ረግቶ አልተቀመጠም። በዚህ ምድር ላይ ግማሹን ሕዝብ ጭራቅ አድርጎ የሚስል ፊልም ሠርቶ፣ ያንኑ በሲሚንቶ አቁሞ ልጆችን ማስጎብኘት ቀልድ አይደለም። ነገሩን ከሥሩ የሚያውቅ ደራሲ ብቻ ነው ከዚህ ወጥመድ የሚያመልጠው፤ ያውም ከዚያ ደግና ክፉ ሥዕል የበለጠ የሚያጓጓ ታሪክ ይዞ።

ከጭራ የመጀመር ልማዱ ግን የፊልም ወዳጆች ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. መስከረም አንድነት ፓርክ ተከፈተ፤ ወዳጅነትና እንጦጦ ተከተሉ፤ «ገበታ ለሀገር» ጎርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን አነሣ። ሁሉንም በጅምላ ማጣጣል አልፈልግም፤ የምኒልክን የግብር አዳራሽ አድሶ ለሕዝብ መክፈት ዘግይቶ የተሠራ መልካም ሥራ ነው፤ ያማረውም ቀድሞ የነበረ እውነተኛ ቤት ስለ ነበረ ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ፕሮጀክቶች ጋር አንድ አስተሳሰብ በየክልሉና በየወረዳው ተዛምቷል፤ ቱሪዝም ማለት በር፣ ፏፏቴ፣ ሐውልትና መብራት ነው የሚል። በዚህ ዓይን ሲታይ ኖራ ምንም አይደለችም፤ የድንጋይ ክምር ናት፣ ለሪቫን ቆረጣ አትመችም። የዋካንዳ ዓይነት ፓርክ ግን ይመቻል። ምኞቱ ለሹመኛም ለባለሀብትም የሚጥመው ፊልሙ ስለሚያምር ብቻ አይመስለኝም፤ ጥናትን ስለሚያዘልል ነው።

የሥራ ጉዳይስ? የሸዋ ሮቢት ወጣት ሥራ ይፈልጋል፣ ሕፃናቱም መጫወቻ ይፈልጋሉ፤ እውነት ነው። ለሕፃናቱ ጥላ ያለው ዛፍ፣ ውሃና መወዛወዣ ያለው የከተማ መናፈሻ ይሠራላቸው፤ ለዚህ ፊልም መጠበቅ አያስፈልግም፣ በዚያ ሙቀት ደግሞ ጥላው ብቻ ትልቅ ነገር ነው። ወጣቱን በተመለከተ ግን የፊልም ፓርክ እንዴት እንደሚኖር እንይ። በየጥቂት ዓመቱ አዲስ መጫወቻ ካልተጨመረለት ይሰለቻል፤ ማሽኑ ከውጭ ይመጣል፣ መለዋወጫው በዶላር ነው፣ ገጸ ባሕርያቱ የኩባንያ ንብረት ናቸው፤ መንገዱ በተዘጋ ሰሞን ሁሉም ይቆማል። ማሾና ሽንኩርት የሚያመርት ቆላ ይህን ወጪ የሚሸከምበት ጀርባ የለውም። ፍርስራሽ ግን መንገድ ሲዘጋ አይከስርም፤ ሲከፈት ይጠብቃል፤ የሚፈልገው ጥበቃ፣ የእግር መንገድ፣ መንገዱን የሚያውቅ የአርጎባ መሪ፣ ገደሉን ወጥቶ ለደከመ ሰው ማደሪያ ነው። ይህን ሥራ ከአካባቢው ሰው የተሻለ የሚሠራው የለም።

ስለዚህ ለፕሮዲዩሰር ከሚከፈለው በፊት ለተርጓሚ ይከፈል። የፎቬልንና የባልደረቦቹን ጥናት ወደ አማርኛ መመለስ፣ ከአርጎባ ሽማግሌዎች አፍ ያለውን በድምፅ መቅዳት፣ የመቃብሮቹን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ ከነትርጉሙ በየትምህርት ቤቱ ማድረስ፤ የቅርስ ባለሥልጣንና እዚያው ሰሜን ሸዋ ያለው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ቢነጋገሩበት የአንድ ፓርክ በር ግንባታ የሚወስደውን ገንዘብ የሚፈጅ አይመስለኝም። ከዚያ ልብ ወለድ ይጻፍ፣ የሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ ይውጣ፣ የሬዲዮ ድራማ ይሠራ። ከእነዚህ መካከል አንዱን አንብቦ ወይም ሰምቶ ያደገ የሸዋ ሮቢት ልጅ ካሜራ ሲይዝ፣ የጫቱን ዛቻ የት ላይ እንደሚያስገባው ማንም አይነግረውም።